የተመልካች ትርጓሜ (ሥነ ጥበብ)

የተመልካች ትርጓሜ በሥነ ጥበብ፣ አንድ ሰው በጋለሪ ወይም በሙዚየም የቀረበን ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ ፎቶግራፍ፣ ቪዲዮ ወይም ኢንስታሌሽን ተመልክቶ ከራሱ ትዝታ፣ ስሜትና ዕውቀት ተነሥቶ የሚሰጠው ፍቺ ነው። ጉዳዩ በዘመናዊው ሥነ ጥበብ ጎልቶ ይታያል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ያየ ምእመን ታሪኩን አስቀድሞ ያውቀዋል። በሸራ ላይ ቀለምና መስመር ብቻ ያየ ጎብኚ ግን የሚያስታውሰው ታሪክ የለውም፤ ትርጉሙን እዚያው ቆሞ ከሥራው መፈለግ ይኖርበታል።

ጋለሪና ሙዚየም

ጋለሪ የሥነ ጥበብ ሥራዎች ለእይታ፣ ብዙውን ጊዜም ለሽያጭ የሚቀርቡበት ቦታ ነው። ሙዚየም ደግሞ ስብስቡን ጠብቆ ለትውልድ ያቆያል። አብዛኞቹ የንግድ ጋለሪዎች የመግቢያ ክፍያ አይጠይቁም፤ ለማየት የገባ ሰውም የመግዛት ግዴታ የለበትም። በሁለቱም ቦታ ከሥራው አጠገብ የሠዓሊው ስም፣ የሥራው ርእስ፣ የተሠራበት ዓመትና ቁስ የተጻፈበት አነስተኛ መግለጫ ይለጠፋል። አንዳንድ ሠዓሊዎች ተመልካቹን ላለመምራት ሲሉ ሥራቸውን «ርእስ አልባ» ይሉታል።

የአስተሳሰቡ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1917 ማርሴል ዱሻምፕ ከሱቅ የተገዛ የሽንት መሽኛ ሳህን «ፏፏቴ» ብሎ ሰይሞ ኒው ዮርክ ለተዘጋጀ ዐውደ ርእይ አቀረበ። ሥራው ለእይታ ባይበቃም፣ አንድን ዕቃ የሥነ ጥበብ ሥራ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚል ክርክር አስነሣ። ዱሻምፕ ራሱ በ1957 በሂውስተን ባደረገው ንግግር፣ የፈጠራው ሥራ በሠዓሊው ብቻ እንደማይፈጸምና ተመልካቹም ድርሻ እንዳለው ገለጸ። ጣሊያናዊው ኡምቤርቶ ኤኮ በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ ብዙ ትርጉም የሚቀበሉ ሥራዎችን «ክፍት ሥራ» አላቸው። ፈረንሳዊው ሮላን ባርት በ1967 የጽሑፍ ትርጉም በደራሲው ሐሳብ እንደማይወሰን ጻፈ። በአንጻሩ አሜሪካዊቷ ሱዛን ሶንታግ በ1964 ባወጣችው ጽሑፍ፣ የተደበቀ ፍቺ ፍለጋ የሥራውን መልክና ስሜት ከማየት እንደሚያዘናጋ ተከራከረች።

የመግለጫ ጽሑፍ ሚና፦ የከረሜላው ክምር

ኩባ ተወልዶ አሜሪካ የሠራው ፌሊክስ ጎንዛሌዝ ቶሬስ በ1991 ያቀረበው አንድ ሥራ በቀለማት ወረቀት የተጠቀለሉ ከረሜላዎች ክምር ነው። ጎብኚዎች ከረሜላ አንሥተው መሄድ ይችላሉ። የክምሩ መነሻ ክብደት 175 ፓውንድ፣ ማለትም 79 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ምንም ሳያነብ የሚያየው ሰው ልግስናን፣ ልጅነትን ወይም በዓልን ሊያስብ ይችላል። ሥራው ግን በዚያው ዓመት በኤድስ የሞተውን የሠዓሊውን የፍቅር ጓደኛ የሮስን ስም በርእሱ ይዟል፤ ክብደቱም ብዙ ጊዜ የሮስ ጤናማ የሰውነት ክብደት እንደሆነ ይተረጎማል። ይህን ያወቀ ተመልካች በእጁ የያዛትን ከረሜላ በሌላ ዓይን ያያታል፤ የክምሩ ማነስ የሰው መክሳት ይሆንበታል። በ2022 ሥራው በሚገኝበት በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም የተለጠፈው መግለጫ ኤድስን ባለመጥቀሱ ወቀሳ ተነሥቶ ጽሑፉ ተሻሽሏል። ክርክሩ ትርጉምን ክፍት መተው መቼ ነጻነት፣ መቼ ደግሞ ታሪክን መሰወር እንደሚሆን አሳይቷል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል በመደበኛ ትምህርት የተስፋፋው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። በጀርመን አገር በኮሎኝ የተማረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ረቂቅ ሥዕሎችን ለአዲስ አበባ ተመልካች ሲያቀርብ፣ ሥራዎቹ ኢትዮጵያዊ መልክ ይጎድላቸዋል የሚል ትችት ገጥሞታል። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል።

የኤልያስ ስሜ ሥራዎች ለተመልካች ትርጓሜ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን የተነሣ የእርሻ መሬት ወይም የተሸመነ ጨርቅ ይመስላሉ። ሲቀርቧቸው ግን የተጎነጎኑ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና የተነቀሉ የኮምፒውተር ክፍሎች ሆነው ይገኛሉ። ሁለቱም እይታዎች ትክክል ናቸው፤ ጎብኚው የቆመበት ርቀት የትርጉሙ አካል ነው። ሠዓሊው ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየም በ2019 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተከፍቷል።

ሰምና ወርቅ፣ አንድምታ

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ትርጓሜ እንግዳ ነገር አይደለም። በሰምና ወርቅ ቅኔ ባለቅኔው ወርቁን አውቆ በሰሙ ውስጥ ይሰውረዋል፤ ሰሚውም ፈልጎ ያገኘዋል። በዚህ ልማድ ወደ ጋለሪ የገባ ሰው ከሥዕሉ አንድ የተደበቀ መልስ ሊፈልግና ሲያጣው «አልገባኝም» ብሎ ሊወጣ ይችላል። ብዙ ዘመናዊ ሥራዎች ግን የሚቀርቡት ለአንድምታ ነው፤ በዚህ የመጻሕፍት ትርጓሜ ስልት መምህሩ «አንድም» እያለ አንዱን ፍቺ ሳይሽር ሌላውን ይጨምራል። ሆኖም አንድምታ ዝም ብሎ መገመት አይደለም፤ እያንዳንዱ ፍቺ ከንባቡ ጋር መያያዝ አለበት። በሥዕልም እንዲሁ ነው፤ «ሐዘን ይታየኛል» ያለ ተመልካች ከየትኛው ቀለም፣ ቅርጽ ወይም ክፍት ቦታ እንዳገኘው ማሳየት ሲችል ሐሳቡ ከግል ስሜት አልፎ ለሌሎችም ይጠቅማል።

የአመለካከት ልማድ

ለመተርጎም አንድ የተወሰነ ሥርዓት ባይኖርም የሚከተለው ቅደም ተከተል የተለመደ ነው።

መጀመሪያ፣ መግለጫውን ሳያነቡ ሥራውን ከሩቅም ከቅርብም ማየት፤
ቀጥሎ፣ ከመፍታት በፊት የሚታየውን መዘርዘር፣ ማለትም ቁሱን፣ መጠኑን፣ ቀለሙንና አቀማመጡን፤
ከዚያ፣ ምን እንዳስታወሰና ምን ስሜት እንደቀሰቀሰ መለየት፤
በመጨረሻም፣ መግለጫውን አንብቦ ወደ ሥራው መመለስና የመጀመሪያው ፍቺ ይጸና ወይም ይለወጥ እንደሆነ መመርመር።

አብሮ የመጣ ሰው ሌላ ነገር ካየ ልዩነቱ ስሕተት አለ ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ያላስተዋሉትን የሥራውን ክፍል ሊያሳያቸው ይችላል። ሥራን መንካት በአብዛኛው ክልክል ሲሆን፣ ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊትም ማስፈቀድ ተገቢ ነው።