ጥለቱ የት ነው የሚኖረው? የሽመና ንድፍ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር



ስለ ሽመናና ስለ ኮምፒውተር ዝምድና ሲነገር ወሬው ሁልጊዜ ከዣካር ይጀምራል። እኔ ግን ከዚያ ቀደም ካለ መጽሐፍ ልነሣ። እ.ኤ.አ. በ1677 ማርክስ ዚግለር የተባለ ሸማኔ በጀርመን አገር የሽመና ንድፎችን አሳተመ። እያንዳንዱ የድር ክር በየትኛው ክፈፍ እንደሚያልፍ፣ መርገጫዎቹም በምን ተራ እንደሚረገጡ በምልክት ተጽፎበታል። ሙያተኞች በምስጢር የያዙት ዕውቀት በዚህ መንገድ ወደ አደባባይ ወጣ።

ዣካር በ1804 ገደማ ያቀረበው መሣሪያ ክፈፉን በተበሳ ካርድ ተካው፤ ቀዳዳ ባለበት ክሩ ይነሣል፣ በሌለበት ይቀራል። በ1839 በሐር የተሸመነው የራሱ ምስል ወደ 24,000 ካርዶች ጠይቋል። በ1960ዎቹ ደግሞ የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ ጃኒስ ሉሪ ንድፍ አውጪው በስክሪን ላይ በብርሃን ብዕር የሣለውን ወደ ሽመና መመሪያ የሚለውጥ ዘዴ ፈጠረች።

ዛሬ በእጅ ለሚሸምኑ ሰዎች የተዘጋጁት ሶፍትዌሮች ግን ከዣካር ይልቅ ለዚግለር የቀረቡ ናቸው። የክፈፉን ብዛት፣ የድሩን አገባብና የረገጣውን ተራ ይጠይቁና ጨርቁን በጥቁርና በነጭ አደባባዮች ያሳያሉ። ጥለት የሚወለደው ከክፈፎቹ ነው ብለው ያምናሉ ማለት ነው።

ይህን እምነት በአንድ የነጠላ ጥበብ ሞከርሁት። የእኛ ሸማኔ ጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ የሚረግጠው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፈፍ ነው። ሁለት ብዬ ስሞላ ስክሪኑ ያሳየኝ ባዶ ሸማ ሆነ። ስሕተት አልሠራም፤ ሁለት ክፈፍ ከዚያ በላይ አይሰጥም። ጥበቡን የሚያስገባው የሸማኔው ጣት ነው፤ ድሩን እየቆጠረ፣ ባለ ቀለሙን ክር በመደበኛው ማግ መካከል እየጨመረ። ለጣት የሚሆን ሣጥን ግን ፕሮግራሙ የለውም።

ሌላ መንገድ ሞከርሁ፤ ለእያንዳንዱ ድር የራሱን መነሻ ሰጥቼ ምስሉን እንዳለ ሣልሁት። ሥዕሉ አማረ። አትሜ ሽሮ ሜዳ ለሚሠሩ አንድ አረጋዊ ሸማኔ ወሰድሁላቸው። ወረቀቱን ጥቂት ተመልክተው፣ «ይኼ ሲሠራ ይረዝማል» አሉኝ። እውነትም በወረቀቴ ላይ ጎኖቹ እኩል የነበሩት ቅርጽ በሸማው ላይ ወደ ላይ ተጎተተ። የእኔ አደባባዮች እኩል ናቸው፤ በእርሳቸው ሸማ ግን በእያንዳንዱ የጥበብ ክር መካከል መደበኛ ማግ ይገባል። ከየሦስት መስመር አንዱን በልባቸው እየዘለሉ ቅርጹን መለሱት።

የመዝለሉን ሕግ የትም አልጻፉትም። ጥለቶቻችንን በፎቶግራፍ ብቻ የምናሰባስብ ተመራማሪዎች ጨርቁን እናተርፍ ይሆናል፤ ይህ ቆጠራ ግን በፎቶግራፉ ላይ የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ በእያንዳንዱ ንድፍ ሥር የድሩን ቁጥር፣ የማጉን ተራና የተዘለለውን መስመር በእጄ እጽፋለሁ፤ ዚግለር ከሦስት መቶ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት እንዳደረገው በምልክት።