የ2014 ዓመተ ምሕረት ዜና፦ በቦንጋ ከተማና በምዕራቡ የቡና አገር

በ2014 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ መስከረም በዕለተ ቅዳሜ ባተ። መስከረም ለከፋ ሕዝብ የማሽቃሬ ባሮ፣ የዘመን መለወጫው ወር ነው። በዚያ ዓመት ግን ከበዓሉ ሌላ የሚጠበቅ ቀጠሮ ነበረ። ከሰኔው ጠቅላላ ምርጫ ጋር ሊደረግ ታስቦ የተላለፈው ሕዝበ ውሳኔ መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ መስከረም 20 ተካሄደ።

ድምፅ የሰጡት የከፋ፣ የሸካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የዳውሮና የምዕራብ ኦሞ ዞኖች፣ የኮንታም ልዩ ወረዳ ነዋሪዎች ናቸው። የተጠየቁትም ከደቡብ ክልል ወጥተው የራሳቸውን ክልል ይመሠርቱ እንደሆነ ነው። ከ1,262,679 ድምፅ 1,221,092ቱ ደገፈ፤ 24,024ቱ ተቃወመ፤ የቀረው ዋጋ አልባ ሆነ።

ይህን ያህል ሰው በአንድ ሐሳብ ያቆመው ከሁሉ በፊት የመንገድ ርቀት ነበር። በምዕራብ ኦሞ ካለችው ከቱም ከተማ ተነሥቶ የደቡብ ክልል መቀመጫ ወደ ነበረችው ሐዋሳ ጉዳይ ለማስፈጸም የሚሄድ የማጂ ሰው ሚዛን አማንንና ቦንጋን ካለፈ በኋላ እንኳ ገና ብዙ መንገድ ይቀረው ነበር። በሽግግሩ መንግሥት ዘመን የዚህ አገር ብዙው ክፍል ክልል 11 ይባል እንደነበረ፣ ኋላም ከሌሎች አራት ክልሎች ጋር ተጠቃልሎ ደቡብ እንደተባለ ሽማግሎች አልረሱትም። አዲሱ ክልልም በአገሪቱ ተራ ቁጥር አሥራ አንደኛ ሆነ፤ አጋጣሚ ነው፣ ግን ያምራል።

የፌዴሬሽን ምክር ቤት ጥቅምት 20 ውጤቱን አጸደቀ። በሦስተኛው ቀን በሰሜን ኢትዮጵያ ይካሄድ በነበረው ጦርነት ምክንያት በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ኅዳር 13 ማታ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ከማግስቱ ጀምሮ ወደ ጦር ግንባር እንደሚዘምቱ አስታወቁ፤ በዚያው ማግስት፣ ማክሰኞ ኅዳር 14፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የምሥረታ ጉባኤ በቦንጋ ተቀመጠ። ዶክተር ነጋሽ ዋጌሾም ርዕሰ መስተዳድር ሆነው ተሾሙ።

ከፊኛው፣ ቤንችኛው፣ ሸክኛው፣ ዲዚኛው፣ ዳውሮኛውና ሌላው ሁሉ በሚነገርበት በዚህ አገር ለሥራ ቋንቋነት አማርኛ ተያዘ። መቀመጫውም ለአንድ ከተማ ብቻ አልተሰጠም። ቦንጋ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ስትሆን ሚዛን አማን፣ ተርጫና ቴፒም ድርሻ አገኙ። ቢሮ በየከተማው ሲበተን ወጪ ይበዛል፣ ባለጉዳይም ይንገላታል፤ ይሁንና የመዲና ጠብ ክልሉን ገና ሲወለድ እንዳይከፍለው የተከፈለ ዋጋ ስለሆነ ያለ ብልሃት የተደረገ አይደለም። ለቱም ሰው ግን ሐዋሳ ቀርቶለት ቦንጋ ሲተካ እንኳ ጉዞው አጭር አልሆነም።

ጉባኤው የተቀመጠበት ወር የቡና ለቀማ ወር ነው። ቀይ እሸት ቡና ወደ ማጠቢያው ጣቢያ ይጋዛል፤ ጀንፈሉም በማስጫው አልጋ ላይ ይገላበጣል፤ በዚህ ሰሞን ገበሬው ከጉባኤ ይልቅ ሰማዩን ያያል። ዓመቱ ለቡና መልካም ሆነ። የበጀት ዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ሲዘጋ ኢትዮጵያ 300,000 ቶን ያህል ቡና ወደ ውጭ ልካ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አገኘች፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይህን የሚያህል ገቢ ከቡና አልተገኘም ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ የተቀረው የደቡብ ክልልም መከፈል ጀመረ። ነሐሴ 12 የፌዴሬሽን ምክር ቤት በስድስት ዞኖችና በአምስት ልዩ ወረዳዎች ሌላ ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ወሰነ፤ ድምፁም በተከታዩ ዓመት ጥር 29 ተሰጠ።