ጉርድ ፎቶግራፍና የፊት ምስክርነት፤ ከከፋ በር እስከ ፓስፖርት

ባለፈው ክረምት ቦንጋ በነበርኩበት ጊዜ፣ አንዲት አክስቴ ውጭ አገር ያለችውን ልጇን ልትጠይቅ አስባ ለቪዛ የሚያስፈልገውን ፎቶግራፍ እንድትነሣ አብሬያት ሄድኩ። ነገሩ ከግማሽ ቀን የማያልፍ መስሎኝ ነበር። ሆኖም ማመልከቻውን የተቀበለው ጽሕፈት ቤት ፎቶግራፉን ሦስት ጊዜ መለሰው፤ መጀመሪያ «ሻሿ ግንባሯን ሸፍኖታል»፣ ቀጥሎ «በጆሮዋ አጠገብ ጥላ ወድቋል»፣ በመጨረሻም «ፊቷ ጠቁሯል» ተባለ። በዚህ ጊዜ አክስቴ፣ «ልጄ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝን ሁለት ሽማግሌዎች ባቀርብላቸውስ?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ሣቅሁ። ወደ ትምህርቴ ተመልሼ ሳስበው ግን፣ ያነሣችው ጉዳይ የሚያስቅ ሳይሆን ደኅና የታሪክ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ሰው ማንነቱን በሰው ያስመሰክር የነበረበት ዘመን አልፎ፣ ፊቱ ብቻውን፣ ያውም በወረቀት ላይ በተወሰነ ልክ ታትሞ፣ ምስክር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ የሚቻለውን ያህል መልስ መስጠት ነው። ዓ.ም. የሚል ምልክት ከሌለበት በቀር ዓመቶቹ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢው ይወቅልኝ።

የከፋ መንግሥት እንግዳን መለየትና መከልከል ከማንም ያልተማረው ሥራው ነበር። አገሩ በጥልቅ ቦይና በአጥር የተከበበ ሲሆን፣ መግባት የሚቻለው ዘበኞች በሚጠብቋቸው በተወሰኑ በሮች ብቻ ነበር። ከውጭ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ ወሬው ወደ ንጉሡ ይላካል፤ መልስ እስኪመጣ ድረስም ይጠብቃል። ቡናና ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ፈልገው የሚመጡ ነጋዴዎች ዋና ማረፊያቸው ቦንጋ ነበረች። በ1843 አንቷን ዳባዲ፣ ከ1859 እስከ 1861 ደግሞ ካፑቺኑ ሚሲዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያ ከፋን ለማየት በቅተዋል። ወደ ከፋ ሲጓዙ የነበሩት ኢጣልያውያኑ ቼኪና ኪያሪኒ ግን ከዚያ ሳይደርሱ ጌራ ላይ ተይዘው ቀሩ፤ ኪያሪኒም በ1879 እዚያው ሞተ። በዚያ ዘመን ለመንገደኛ የሚያስፈልገው የሚያውቀው ሰው፣ ወይም የሚያውቀውን ሰው የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው። በር ጠባቂው የእንግዳውን ፊት ያያል፤ ሆኖም ፊቱ ብቻውን ምንም አይነግረውም። የሚነግረው አብሮት የመጣው መሪና ነጋዴ፣ ዋስ የሆነለትም ሰው ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የንጉሡ የራሱ ፊት ነው። ስለ ከፋ የጻፉ ተጓዦች እንደሚሉት፣ ታቶ የሚባለው የከፋ ንጉሥ ሲበላና ሲጠጣ በመጋረጃ ይሰወር ነበር፤ ተገዢውም ከፊቱ ሲቀርብ በግንባሩ መሬት ላይ ይደፋል። እንግዲህ ንጉሡን ንጉሥ የሚያሰኘው መልኩ ሳይሆን ዘውዱና ልብሱ፣ የወርቅ ቀለበቱም ነበር። በመንግሥቱ ውስጥ ሥልጣኑ ከፍ ባለ መጠን ፊቱ የማይታይ ሰው አለ ማለት፣ ለእኛ ዘመን ሰው ለመረዳት ያስቸግራል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ፣ ፊቱን አስቀድሞ ማሳየት ያለበት ደካማው ነው።

በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር፣ የጅማው አባ ጅፋር ሰዎችም ተጨምረውበት፣ ከፋን በወጋ ጊዜ የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ወራት በፈጀ ማሳደድ በሴፕቴምበር ተያዘ። አሳዳጆቹ የሚፈልጉትን ሰው በመልክ የሚለዩበት አንድም ሥዕል በእጃቸው አልነበረም። ታቶው ከተያዘ በኋላ በግዞት ኖሮ በ1919 ዐረፈ። ዘውዱን ግን አጼ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡትና ወደ ዙሪክ ሄደ፤ ለአጼ ኃይለ ሥላሴ የተመለሰውም በ1954 ነው። በከፋ ዘንድ የንጉሡ ማንነት በዘውዱ ውስጥ እንደ ነበረ ካሰብን፣ ከአገር ወጥቶ ግማሽ ምእት ያህል በባዕድ አገር የኖረው ዕቃ ብቻ አይደለም።

ድሉን የተከተለው ዘመን የማኅተም ዘመን ነበር። በምኒልክ ግዛት የሚዘዋወር የውጭ አገር ሰው የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበት የይለፍ ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል፤ በየኬላው ያለው ሹምም አንበሳውን አይቶ ያሳልፈዋል። ደብዳቤው የያዡን ስም ይናገራል እንጂ መልኩን አይናገርም። የኦስትሪያው ተወላጅ ፍሪድሪክ ዩልዩስ ቢበር በ1905፣ ኋላም በ1909 ወደ ከፋ የመጣው በዚህ ዘመን ነው። በ1920ና በ1923 በሁለት ቅጽ ያወጣው ስለ ከፋ ሕዝብ የተጻፈው መጽሐፉ ዛሬም ለጥናት የማይታለፍ ነው። ፎቶግራፎችም አሉበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከቢበር ጉዞ ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በፓሪስ ፖሊስ ያገለግል የነበረው አልፎንስ ቤርቲዮን የወንጀለኛን ፊት አንድ ጊዜ ከፊት ለፊት፣ አንድ ጊዜ ከጎን፣ በአንድ ዓይነት ርቀትና ብርሃን የማንሣትን ሥርዓት አቁሞ ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩ የሰው ዘር ተመራማሪዎችም ሩቅ አገር ሄደው ሰው ሲያነሡ ከዚህ በማይርቅ አኳኋን ያነሡ ነበር። የዛሬው ጉርድ ፎቶግራፍ ዘሩ ቢቆጠር ከቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ይልቅ ለፖሊሱ ይቀርባል።

በአገራችን ግን ካሜራ አስቀድሞ የታወቀው በክብር በኩል ነው። በመቅደላ ዘመቻ ጊዜ፣ በ1868፣ የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ እንደ መጣ የታወቀ ነው፤ ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ተነሥቷል። ይህ የክብር ሳይሆን የኀዘን ፎቶግራፍ ነው። በአዲስ አበባ ግን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያንና ከእርሱ በኋላ ልጆቹ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው መኳንንቱን አንሥተዋል። መኰንኑ ካባውን ደርቦ፣ ጐራዴውን ይዞ፣ ከእግር እስከ ራሱ ይቆማል። ፎቶግራፍ መነሣት ማለት ሙሉ ሆኖ መታየት ነበርና፣ ከደረት በታች ተቈርጦ መቅረትን የሚሻ ሰው አልነበረም። «ጉርድ» የሚለው ቃላችን ራሱ ቈራጩን ያስታውሳል።

ፊት የመንገድ ወረቀት አካል የሆነው በ1914 በተነሣው የዓለም ጦርነት ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት በብዙው የአውሮፓ ክፍል ያለ ፓስፖርት መጓዝ ይቻል ነበር፤ ያለውም ፓስፖርት ቢሆን ፎቶግራፍ አልነበረበትም። ካርል ሃንስ ሎዲ የተባለው የጀርመን ሰላይ ቻርልስ ኢንግሊስ በሚባል አሜሪካዊ ስም የተሰጠ ፓስፖርት ይዞ እንግሊዝ አገር ገባ። ወረቀቱ ላይ ፊት ስለሌለ፣ እንግሊዝኛ አሳምሮ የሚናገረው ሎዲ ኢንግሊስ ነኝ ለማለት የሚከለክለው አልነበረም። ተይዞም ኖቬምበር 6 ቀን 1914 በለንደን ግንብ ውስጥ በጥይት ተገደለ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር አሜሪካ ፓስፖርት የሚጠይቅ ሁሉ ፎቶግራፉን እንዲያቀርብ አዘዘች፤ እንግሊዝም በ1915 እንዲሁ አደረገች። የሎዲ ጉዳይ ብቻውን ሕጉን አወጣ ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ጦርነቱ ያሳደረውን ጥርጣሬ ለማሳየት ግን ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

መጀመሪያ ላይ ሕጉ ልል ነበር። ባርኔጣ ደፍቶ የተነሣ አለ፤ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ የተነሣም አለ። በ1920 በፓሪስ የመንግሥታት ማኅበር የጠራው ጉባኤ ፓስፖርት ባለ 32 ገጽ ደብተር ሆኖ ፎቶግራፍ እንዲኖረው ወሰነ። የእኛ አገር የማኅበሩ አባል የሆነችው በ1923 ነውና ውሳኔው ሲደረግ አልነበረችም፤ ኋላ ግን መንገደኞቿ የታዘዙበት ሥርዓት ይኸው ነው። ዛሬ ሥራውን የያዘው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ1980 ስለ መንገድ ሰነዶች መመሪያ አወጣ፤ በ2003 ደግሞ ሰውን በመሣሪያ ለመለየት ፊት ዋናው ምልክት እንዲሆን መረጠ። ከንፈር ይገጠም፣ ዐይን ይገለጥ፣ ፈገግታ ይቅር የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው። መሣሪያው የሚለካው በዐይኖች፣ በአፍንጫና በአፍ መካከል ያለውን ርቀት ሲሆን፣ ሣቅ ይህን ያዛባበታል። ለሃይማኖት ሲባል የራስ መሸፈኛ ቢፈቀድም፣ ከአገጭ እስከ ግንባር ያለው ፊት መታየት አለበት።

ጉርድ ፎቶግራፍ ቦንጋን በመሰሉ ከተሞች ከተማሪና ከሠራተኛ አልፎ የሁሉ ሰው ጉዳይ የሆነው ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ይመስለኛል። በዚያ ዓመት የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ የቀበሌ መታወቂያም ተከተለ። በደርግ ዘመን ከቦታ ወደ ቦታ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ እንደ ነበረ አባቶቻችን ያስታውሳሉ። ያም ሆኖ የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው ጐረቤት በሚያውቀው ሰፈር ነውና፣ ፎቶግራፉ ምስክሩን ይደግፋል እንጂ አይተካውም ነበር። ትክክለኛው መተካት የታየው በዲቪ ነው። የአሜሪካ የዲቪ ዕጣ ማመልከቻ ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላም ስፋቱና ቁመቱ እኩል 600 ነጥብ የሆነ፣ ከስድስት ወር ወዲህ የተነሣ ፎቶግራፍ ይጠየቅ ጀመር። ያለፈውን ዓመት ፎቶግራፍ መልሶ ያስገባ ሰው ዕጣ ቢወጣለት እንኳ ሊሰረዝ ይችላል። በየከተማው ያሉ ፎቶ ቤቶች ሕጉን ከማንም በፊት ያጠኑት ለዚህ ነው።

የአክስቴን ሦስተኛ ፎቶግራፍ ያጠቈረው ምን እንደ ሆነ ያስረዳኝም የቦንጋ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ካሜራ ብርሃን የሚመጥነው በፊቱ ያለውን ሁሉ አማክሎ ነው። ሕጉ መደቡ ነጭ ይሁን ስለሚል፣ ካሜራው ብዙ ብርሃን ያለ መስሎት ይቀንሳል፤ የሚጨልመው ግን ግድግዳው ሳይሆን ጥቁሩ ፊት ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው አንሺ መጠኑን በእጁ ከፍ ያደርጋል። ጥላ እንዳይወድቅ ተነሺውን ከግድግዳው አንድ ሁለት እርምጃ ያስወጣዋል፤ መብራቱንም በግራና በቀኝ ያደርጋል። ክረምት ላይ ቦንጋ እንደምታውቋት ናት፤ ደመናውም ጫካውም ብርሃን ይነፍጋሉ። ሰውዬው መብራት በጠፋ ቀን አክስቴን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ፣ ነጭ ጋቢ በጉልበቷ ላይ ዘረጋ፤ ከጋቢው የተመለሰው ብርሃን ከአገጯና ከዐይኖቿ ሥር ያለውን ጥቁረት አነሣው። እኔ በመጽሐፍ ያላገኘሁት ትምህርት ነው።

ነገሩ የቦንጋ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የደረጃና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም በ2019 ባወጣው ጥናት፣ ብዙዎቹ ፊት ለዪ መሣሪያዎች ሁለት የተለያዩ ሰዎችን አንድ ናቸው ብለው የሚሳሳቱት በምሥራቅና በምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ላይ ከፍ ባለ መጠን መሆኑን አሳይቷል። ቢቢሲም በ2020 የእንግሊዝን የፓስፖርት ፎቶግራፍ መመርመሪያ ፈትኖ፣ ፎቶግራፍሽ ደኅና አይደለም የተባሉት ጠቈር ካሉት ሴቶች 22 ከመቶ፣ ነጣ ካሉት ወንዶች ግን 9 ከመቶ መሆናቸውን ገልጿል። እንግዲህ በር ጠባቂው መሣሪያ ሆኗል፤ ሆኖም ሁሉን ፊት እኩል አያነብም። ለከፋ በር ጠባቂ ዋስ ማቅረብ ይቻል ነበር፤ ለዚህኛው አይቻልም። አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ስላቸው፣ ዋስ በጉቦና በዝምድና ይገዛ እንደ ነበረ፣ ዘመድ የሌለው ሰውም በር ላይ ይቀር እንደ ነበረ አስታውሰውኛል። እውነታቸውን ነው። ቼኪንና ኪያሪኒን ከላይ ያነሣኋቸው ለዚሁ ነው። ሆኖም ዘመድ የሌለውን ሰው ነጻ ያወጣው ሥርዓት ዘመድ ያላትን አክስቴን ሦስት ጊዜ ሲመልሳት የሚጠየቅ ሰው አለመኖሩ ቅር ያሰኘኛል።

አራተኛው ፎቶግራፍ አለፈ። ሻሿን ፈትታ፣ ጠጕሯን ወደ ኋላ አድርጋ፣ አፏን ገጥማ ነው የተነሣችው። ከታተሙት ውስጥ ሁለቱ ከማመልከቻው ጋር ሄዱ፤ አክስቴም ከቀሩት አንዱን ለግድግዳ እንዲሆን አስፍቶ እንዲያትምላት ይዛ ወደ ፎቶ ቤቱ ተመለሰች። ሰውዬው ሊያሰፋው ማሽኑን ሲከፍት፣ «ሻሼን መልስልኝ» አለችው። አለመነሣቱን አስረዳት። ጥቂት አሰበችና ወደ ቤት ተመልሳ ነጠላዋን፣ ሻሿንና የአንገት መስቀሏን አድርጋ መጣች፤ ነጩን መደብ አስነሥታም ከደጃፉ ዛፍ ሥር ቆማ፣ ከእግር እስከ ራስዋ ተነሣች።