አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፤ የግእዝና የዕብራይስጥ ሊቅ

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1862 ዓ.ም በሸዋ ተወለዱ። የአገራቸውን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከተከታተሉ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ተሻግረው በዚያ ለብዙ ዓመታት ኖረዋል። ብዙዎች ተሳልመው በሚመለሱባት ከተማ እርሳቸው ተማሪ ሆነው ተቀመጡ። ዕብራይስጥን፣ ሱርስትንና ዐረብኛን አጥንተውም ብሉይ ኪዳንን ከግእዙ ጋር እያመሳከሩ መመርመር ጀመሩ።

በኢየሩሳሌም መምህራቸው የነበሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። እኒህ ሊቅ በ1901 እ.ኤ.አ. ለታተመው የኢጣልያዊው ምሁር የኢኛሲዮ ጉይዲ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ከፍ ያለ እገዛ ያደረጉ ሲሆን፣ የራሳቸውን የግእዝ መዝገበ ቃላትም ጀምረው ነበር። ሥራው ሳይፈጸም በማረፋቸው አደራው ለደቀ መዝሙራቸው ተላለፈ።

አለቃ ኪዳነ ወልድ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ዘመን ወደ አገራቸው ተመልሰው ኑሯቸውን በድሬዳዋ አደረጉ። ከነቢያት መጻሕፍት መካከል እጅግ አስቸጋሪ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ትንቢተ ሕዝቅኤልም ንባቡ ከነትርጓሜው በእርሳቸው አዘጋጅነት በዚያው ከተማ በ1916 ዓ.ም ታተመ።

የዕብራይስጥ ዕውቀታቸው ጎልቶ የሚታየው ግን በመዝገበ ቃላቱ ነው። ቃላቱን የደረደሩት በ«ሀለሐመ» ሳይሆን በ«አበገደ» ተራ ነው። ዳዊት የደገመ ሁሉ በመዝሙር 118 ላይ «አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል» የሚሉትን የፊደል ስሞች ስለሚያውቅ፣ ይህ ተራ ለአገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሆኖም «ሀ»ን በመጀመሪያው ገጽ የሚፈልግ አንባቢ በአምስተኛ ደረጃ ስለሚያገኛት መቸገሩ አይቀርም።

ሊቁ በድምፅ የተመሳሰሉ ፊደላት እንዳይቀላቀሉ አጥብቀው ይከራከሩ ነበር። ክርክሩ የጽሕፈት ውበት ብቻ አልነበረም። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ማለት ሲሆን፣ «ሰአለ» ደግሞ ለመነ ማለት ነው፤ የሁለተኛው ዘር በዕብራይስጥም ይገኛል፤ የንጉሡ የሳኦል ስምም ከዚሁ የወጣ ነው። «መሀረ» አስተማረ፣ «መሐረ» ደግሞ ይቅር አለ ማለት ነው። ፊደሉ ሲለወጥ ዘሩ ይጠፋል፤ ዘሩ ሲጠፋም ትርጓሜው ይሳሳታል። ዛሬ የአንድ ሰው ስም በአንዱ መዝገብ በ«ሀ»፣ በሌላው በ«ኀ» ተጽፎ የሚያጋጥመው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የጉዳዩን ክብደት ከማንም በላይ ይረዳዋል።

አለቃ ኪዳነ ወልድ በ1936 ዓ.ም ሲያርፉ መዝገበ ቃላቱ ገና አልታተመም ነበር። አደራው ለሦስተኛ ሰው፣ ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ደረሰ። «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የተሰኘው ይህ ሥራ ከ900 በላይ ገጾች ይዞ በ1948 ዓ.ም በአዲስ አበባ ለኅትመት በቃ። አለቃ ደስታ በ1962 ዓ.ም ያሳተሙትን የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላትም በዚያው በ«አበገደ» ተራ አዘጋጅተውታል።