ሹሩባ፦ የታሪክ ጌጥና የጸጉር ሥር

በአገራችን ሹሩባ የሴት ጌጥ፣ የጀግናም ምልክት ሆኖ ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን በሠዉ ጊዜ፣ ወራሪው የእንግሊዝ ጦር ከአስከሬናቸው ላይ ጸጉራቸውን ቆርጦ ወሰደ። ያ ጸጉር በለንደን ቤተ መዘክር ከቆየ በኋላ ለኢትዮጵያ የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው።

ጸጉሩ ይህን ያህል ክብር ካለው፣ ጸጉሩን የሚያበቅለው ቆዳስ ምን ያህል ይገባዋል? የሹሩባን ውበት በጥብቀቱ የመለካት ልማድ አለን፤ ልጅቱ ስታለቅስም «ቻይው» እንላታለን። ዳሩ ግን ለብዙ ጊዜ የተወጠረ ጸጉር ሥሩ ይቆጣል፤ በግንባርና በጆሮ ግንድ ዙሪያ እየሳሳ ይሄዳል። ጉዳቱ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1907 እ.ኤ.አ. በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው፣ ጸጉራቸውን አጥብቀው ያስሩ በነበሩ የግሪንላንድ ሴቶች ላይ ታይቶ ነው። በጊዜ ከተደረሰበትና ጉንጉኑ ከላላ ጸጉሩ መልሶ ይበቅላል። ቆይቶ ሥሩ ወደ ጠባሳ ከተለወጠ ግን ቅቤም ሆነ ቅባት አይመልሰውም።

ስለዚህ ሹሩባ ይቅር አንልም። ሕመም ወይም ሽፍታ ሲታይ ጉንጉኑ ይፈታ፤ በሹሩባና በሹሩባ መካከልም ጸጉሩ ይረፍ፤ መሳሳቱ ከቀጠለ የቆዳ ሐኪም ይየው። መምህራን በክፍላቸው፣ የጥበብ ሰዎችም የቴዎድሮስን ዘመን በመድረክ ሲያሳዩ ይህን ሊዘነጉ አይገባም። ቅርስን መጠበቅ ቅርሱን የተሸከመውን ራስ ከመጠበቅ ይጀምራልና።