ጥሪው የሚደርሰው ለማን ነው?

አንድ የመኪና ፋብሪካ ይህን ያህል መቶ ሺህ መኪና ለጥገና መልሼ ጠርቻለሁ ብሎ ሲያውጅ፣ ግማሹ ሰው «ለደንበኛ ማሰብ ማለት ይህ ነው» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «ድሮም ይሄ መኪና አይረባም» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሁለቱም ስተዋል። «ሪኮል» የሚባለው ጥሪ ቸርነትም አይደለም፣ የመጥፎ መኪና ምልክትም አይደለም። ባለመኪናው በክርክርና በሕግ ያገኘው መብት ነው። ያገኘውም በአንድ ጊዜ አይደለም። የዚህን መብት ታሪክ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው የአሜሪካ ሕግ እንደሚመሰክረው፣ እያንዳንዱ እርምጃ የተወሰደው የቀድሞው ሕግ አንድን ሰው ውጭ አስቀርቶ ስለተገኘ ነው። ዛሬም ውጭ የቀረ አለ፤ እሱም መኪናውን ከሁለተኛና ከሦስተኛ እጅ የገዛው ሰው ነው። እኛ አገር ደግሞ አብዛኛው ባለመኪና እንዲህ ያለ ገዢ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከሞተር በፊት፣ ከፈረስ ሠረገላ ነው። በ1842 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት፣ የፖስታ ሠረገላ ተሰብሮበት የተጎዳ አንድ ነጂ ያቀረበውን ክስ ውድቅ አደረገ። ሠረገላውን ያቀረበው ሰው የተዋዋለው ከፖስታ ቤቱ ሹም ጋር እንጂ ከነጂው ጋር አይደለምና ነጂው ሊጠይቀው አይችልም ተባለ። ይህ ሐሳብ ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ ገባ፤ መኪና ሲመጣም ለፋብሪካዎች ጥሩ ጋሻ ሆነ። ፋብሪካው ለአከፋፋይ ይሸጣል፣ አከፋፋዩ ለገዢ ይሸጣል፤ በፋብሪካውና በገዢው መካከል ውል የለም። በ1916 ግን የኒውዮርክ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህን ጋሻ ሰበረው። ማክፈርሰን የተባለ ሰው የገዛው ቡይክ መኪና የአንደኛው ጎማ የእንጨት ቸርኬ ተሰባብሮ ከመኪናው ላይ ወርውሮ ጥሎት ነበር። ኩባንያው ቸርኬውን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፣ ከሌላ ገዝቼ ነው የገጠምኩት አለ። ዳኛ ቤንጃሚን ካርዶዞ ግን ነገሩን ወደ አንድ ጥያቄ መለሰው፦ ዕቃው በግድየለሽነት ከተሠራ ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነና ከመጀመሪያው ገዢ አልፎ ሌሎች እንደሚጠቀሙበት ከታወቀ፣ ውል ኖረም አልኖረም የጥንቃቄ ግዴታ አለ። በእኔ ሚዛን ከዚህ ፍርድ በኋላ የመጣው ሕግ ሁሉ የዚህ ሐሳብ ማብራሪያ ነው።

ፍርዱ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ መብቱ የሚመጣው ከጉዳት በኋላ ነው። ካልተሰበርክ አትከስም። ፋብሪካው ጉድለት እንዳለ ቢያውቅም ለባለመኪናው እንዲነግር የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ አልነበረም። ይህን የለወጠው የ1966ቱ ዓመት ነው። ጠበቃው ራልፍ ኔደር በ1965 መጨረሻ የመኪናን አደገኛነት የሚያጋልጥ መጽሐፍ አወጣ፤ ጄኔራል ሞተርስ ገመናውን እንዲሰልሉ መርማሪዎች አሰማራበት፤ ነገሩ ሲጋለጥ የኩባንያው ፕሬዚዳንት በሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። በመስከረም 1966 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የትራፊክና የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕጉን ፈረሙ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ሕጉ ያዘዘው ማሳወቅን ብቻ መሆኑ ነው። ፋብሪካው ለመጀመሪያው ገዢና ዋስትናው ለተላለፈለት ሰው በአደራ ደብዳቤ ጉድለቱን ይነግራል፤ የጥገናውን ወጪ ማን ይከፍላል የሚለውን ግን ሕጉ አልመለሰም። «ፍሬንህ ሊከዳህ ይችላል» ተብሎ ተነግሮህ ሒሳቡን ራስህ ልትከፍል ትችላለህ ማለት ነው። በነፃ መጠገን ግዴታ የሆነው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1974 በወጣው ማሻሻያ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ይህ ሁሉ ግዴታ ወጪ ነው፤ ወጪው መኪናው ዋጋ ላይ ይጨመራል፤ ከዚያም በላይ ግማሹ ጉድለት ባለመኪናው ራሱ ያመጣው ነው ይባላል። የመጀመሪያው ክፍል እውነት ነው፤ ጥያቄው ወጪውን ማን ቢሸከም ይሻላል የሚለው ነው። ጉድለቱን የሚያውቀውና ከሥሩ ሊያስተካክለው የሚችለው ፋብሪካው ብቻ ሲሆን፣ ወጪውን ምንም በማያውቀው ሰው ላይ መጣል አደጋውን በዕጣ ማከፋፈል ነው። ሁለተኛውን ጄኔራል ሞተርስ በፍርድ ቤት ሞክሮታል። የፒክአፕ ቸርኬዎቹ የተሰበሩት ባለቤቶቹ ከልክ በላይ ስለጫኑ ነው ሲል ተከራከረ። በ1975 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ፒክአፕ የገዛ ሰው አብዝቶ እንደሚጭን አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነውና ይህ ብቻ ከግዴታ አያወጣም አለ። የኛን አገር ፒክአፕና ሚኒባስ ላየ ሰው ይህ ፍርድ እንግዳ አይሆንበትም። ከኋላ ሲገጭ በእሳት ይያያዛል በተባለው በፎርድ ፒንቶ ጉዳይ ደግሞ ለኩባንያው ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። በ1980 በኢንዲያና ከቀረበበት የወንጀል ክስ ነፃ ወጥቷል፤ የሰውን ነፍስ በ200,000 ዶላር ተመነ የተባለበት ሰነድም ስለ ፒንቶ ብቻ የተጻፈ አልነበረም። ይሁንና በ1978 አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል መኪና የተጠራው በሕጉ ግፊት ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የ2000 ዓመተ ምሕረቱ የፋየርስቶን ጎማ ጉዳይ ነው። የፎርድ ኤክስፕሎረር ጎማዎች የላይኛው ሽፋናቸው እየተላጠ መኪናው ይገለበጥ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በነሐሴ 2000 ስድስት ሚሊዮን ተኩል ጎማ ተጠራ። ሕዝቡን ያስቆጣው ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ፎርድ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1999፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በጎረቤት የባሕረ ሰላጤው አገሮች እነዚህኑ ጎማዎች መቀየር ጀምሮ ነበር። ለአሜሪካ መንግሥት አልተናገረም፤ ሕግም አላስገደደውም። በኅዳር 2000 የወጣው ሕግ ፋብሪካዎች በሌላ አገር ያደረጉትን ጥሪ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ለአሜሪካ እንዲያሳውቁ አስገደደ። መረጃው ወደ አሜሪካ እንዲገባ በሩ ተከፈተ። ከአሜሪካ ወደ ሌላው ዓለም የሚወጣበት በር ግን በዚህ ሕግ አልተከፈተም።

የታካታ ኤርባግ ይህን ክፍተት አሰፋው። ኤርባጉን የሚነፋው አሞኒየም ናይትሬት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት በዓመታት ይበላሻል፤ ከዚያ በትንሽ ግጭት እንኳ የብረት ማቀፊያውን አፈንድቶ ስብርባሪውን ነጂው ላይ ይረጫል። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል ኤርባግ ተጠርቷል፤ ኩባንያው በ2017 ከሰረ። ከተጠሩት መካከል ብዙ ኮሮላና ያሪስ አሉ። አደጋው በዕድሜ ይጨምራል፣ መብቱ ግን በዕድሜ ይቀንሳል፤ በአሜሪካ ሕግ መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠ ከ15 ዓመት በኋላ ለሚወጣ ጥሪ ፋብሪካው በነፃ የመጠገን ግዴታ የለበትም። ደብዳቤውም የሚሄደው በተመዘገበ አድራሻ ነው። ከጃፓን ወይም በዱባይ በኩል መጥቶ አዲስ አበባ ሦስት ባለቤት የቀያየረ መኪና ለደብዳቤው አድራሻ የለውም። አዲስ አበባ ደጋ ናት ማለትም አያዋጣም፤ መኪናው ስንት በጋ ባሕረ ሰላጤው ዳር አሳልፎ እንደመጣ ማን ያውቃል? የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከ2024 ጀምሮ ቢከለከልም አሮጌዎቹ ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ።

አሮጌ መኪና ገዝቶ ስለ መብት ማውራት ምን ይሉታል የሚል አይጠፋም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን እንዲህ አይልም። ከ1960 ጀምሮ ባለው ሕግ አንቀጽ 2085፣ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል፤ አንቀጹ ተጎጂው የመጀመሪያ ገዢ ይሁን አይልም። ከዚህ ነፃ የሚያወጣው ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከሆነ ነው። የኤርባግ ነፊ ደግሞ መሪው ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጥ ዕቃ ስለሆነ ላይ ላዩን በማየት አይታወቅም። በሌላ በኩል አንቀጽ 2081 ባለመኪናውን ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ፍሬኑ ከፋብሪካ ጉድለት ቢከዳ በመጀመሪያ የሚከሰሰው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። ችግሩ አንቀጽ ማጣት ሳይሆን፣ 1966 ላይ አሜሪካ ያገኘችውን «ማሳወቅ» የሚባል ነገር ለአሮጌ መኪና ገዢ የሚያደርስ መንገድ ማጣት ነው። አስመጪው ከሚያስገባው መኪና ጋር የጥሪ ማጣሪያ እንዲያቀርብ፣ የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ባለሥልጣኑም የሻንሲ ቁጥሩን ከፋብሪካ ዝርዝር ጋር እንዲያስተያይ ማዘዝ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

እስከዚያው ከደላላው ጋር ዋጋ ከመቁረጥዎ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ይጠይቁ። ባለ 17 ፊደልና አኃዝ ከሆነና መኪናው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ በአሜሪካ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ በነፃ ይታያል። ለባሕረ ሰላጤው የተሠራውን የፋብሪካው ወኪል ይመልከትልዎት። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቪትዝ ግን ቁጥሩ አጭር ነው፤ አሜሪካ ላይ ቢፈልጉት አይገኝም። አለመገኘቱ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ እሱ የሚጣራው ጃፓን ባለው የፋብሪካው ዝርዝር ነው።