ሁለት መዝገብ፣ አንድ ሰው፦ የድግግሞሽ ፍለጋ አጭር ታሪክ



የዛሬው ርእሳችን ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ በአንድ ትልቅ ሰንጠረዥ ውስጥ ሁለት ጊዜ የተመዘገበን ሰው እንዴት በፍጥነት ማግኘት ይቻላል? ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚታየው እንደ ምሕንድስና ጉዳይ ነው። እኔ ግን ታሪኩን ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። ፍጥነቱ የተገኘው ኮምፒውተር ስለ ፈጠነ ብቻ አይደለምና፤ የትኞቹን መዛግብት ማነጻጸር እንደማያስፈልግ ሰዎች አስቀድመው ስለ ወሰኑም ጭምር ነው። ይህ ውሳኔ ደግሞ የአንድ ቋንቋን ልማድ ይዞ ይጓዛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስሌቱን እንመልከት። አንድ ሚሊዮን መዝገቦችን እያንዳንዳቸውን ከሌላው ሁሉ ጋር እናነጻጽር ብንል፣ 500 ቢሊዮን ያህል ጥንዶችን ማየት ይኖርብናል። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጥንድ የሚያይ መሣሪያ እንኳ ወደ ስድስት ቀን ይፈጅበታል። መዝገቦቹ ዐሥር እጥፍ ቢሆኑ ሥራው መቶ እጥፍ ያድጋል። የዚህ ሙያ ታሪክ በአመዛኙ ከዚህ ስሌት ለማምለጥ የተደረገ ጥረት ታሪክ ነው።

ፊደል ለፊደል አንድ ለሆኑ መዝገቦች መፍትሔው አስቸጋሪ አልነበረም። ሰንጠረዡ በቅደም ተከተል ሲደረደር ተመሳሳዮቹ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የሚቀረው ጎረቤትን ከጎረቤት ማነጻጸር ነው። የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የነበረው ሃንስ ፒተር ሉን ደግሞ በ1953 ከመዝገቡ ይዘት ቁጥር አስልቶ መዝገቡን ቁጥሩ በሚያመለክተው ክፍል የማስቀመጥን ሐሳብ አቀረበ፤ ዛሬ «ሃሽ» የምንለው ነው። ኤድጋር ኮድ በ1970 ባሳተመው ንድፈ ሐሳብ መሠረት ሰንጠረዥ እንደ ሒሳባዊ ስብስብ ስለሚቆጠር፣ ፍጹም አንድ የሆኑ ሁለት መስመሮች ሊኖሩት አይገባም። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው ስም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አይጻፍም፤ መዝጋቢው የሚጽፈው የሰማውን ነው።

ይህን ችግር ቀድመው የተጋፈጡት ከኮምፒውተር ዘመን በፊት የነበሩ የመዝገብ ሰዎች ናቸው። የፒትስበርጉ ሮበርት ራስል በ1918 ስሞችን በአጻጻፋቸው ሳይሆን በድምፃቸው ለሚመድብ ዘዴ የፈጠራ መብት አገኘ። በኋላ «ሳውንዴክስ» የተባለው ይህ ዘዴ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይይዛል፤ አናባቢዎችን ይጥላል፤ የቀሩትን ተነባቢዎች በድምፅ ቅርበታቸው በቁጥር ይተካል። በእንግሊዝኛ በሁለት አናባቢዎች የሚጻፈው «ስሚዝ» በሁለቱም አጻጻፍ «ኤስ 530» ይሆናል። የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ በ1935 ሲወጣ የልደት ማስረጃ የሌላቸው ብዙዎች ነበሩ። ስለዚህ በ1880 የሕዝብ ቆጠራ ከተመዘገቡት ቤተሰቦች፣ 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች የነበሯቸው በዚህ ዘዴ በካርድ ተጠቆሙ። የአንድ አረጋዊ ጡረታ የቤተሰቡ ካርድ በመገኘቱ ላይ ሊንጠለጠል ቻለ።

በ1946 ሃልበርት ደን የእያንዳንዱን ሰው ሕይወት በልደት ተጀምሮ በሞት ከሚዘጋ መጽሐፍ ጋር አመሳሰለው፤ የተበታተኑትን ገጾች የማሰባሰቡን ሥራም «የመዛግብት ትስስር» አለው። በ1959 የካናዳው የዘር ውርስ ተመራማሪ ሃዋርድ ኒውኮምብና ባልደረቦቹ ሥራውን ለኮምፒውተር ሰጡት። የልደት መዛግብትን ከጋብቻ መዛግብት ጋር ሲያገናኙ ያነጻጸሩት የሳውንዴክስ ምልክታቸው አንድ የሆኑትን ብቻ ነበር። ደግሞም የብዙዎች በሆነ ስም መመሳሰል ትንሽ፣ ጥቂቶች ብቻ በሚጠሩበት ስም መመሳሰል ግን ብዙ እንደሚያስረዳ አሳዩ። ኢቫን ፌሌጊና አለን ሰንተር ይህን በ1969 ወደ ሒሳባዊ ንድፈ ሐሳብ አሳደጉት። በእነርሱ አካሄድ ውሳኔው ሦስት ነው፦ አንድ ናቸው፣ አንድ አይደሉም፣ ወይም ሰው ይመርምረው።

በ1995 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ማውሪሲዮ ሄርናንዴዝና ሳልቫቶሬ ስቶልፎ ሰንጠረዡን ደርድሮ በጠባብ መስኮት ውስጥ የሚገቡትን ጎረቤቶች ብቻ የማነጻጸርን ዘዴ አቀረቡ። ዋናው ትምህርታቸው ግን አንድ ቁልፍ አይበቃም የሚለው ነው፤ በተለያየ ቁልፍ ደጋግሞ መደርደርና ውጤቶቹን ማጣመር ይሻላል።

ይህ ታሪክ እኛን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። «ዓለምፀሐይ» የሚለውን ስም ተመልከቱ። የመጀመሪያው ድምፅ በአራት ፊደሎች (አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ)፣ «ፀ» በሁለት፣ «ሐ» በስድስት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ሊጻፍ ይችላል። አራት በሁለት፣ በስድስት ሲባዛ 48 ይሆናል። ለጆሮ አንድ የሆነው ስም ለኮምፒውተር 48 ነው። ስሙ ወደ ላቲን ፊደል ሲሻገር ደግሞ ሳውንዴክስም አያድነንም። «ፀጋዬ» በቲ ወይም በኤስ፣ «ቀለሙ» በኬ ወይም በኪው ሊጀምር ይችላልና፤ የመጀመሪያውን ፊደል አጥብቆ የሚይዘው ዘዴ አንዱን ሰው በሁለት መሳቢያ ያስቀምጠዋል። የትውልድ ዓመት በሁለት የዘመን አቆጣጠር ሲመዘገብም የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል።

ታዲያ ሞክሼ ፊደላትን ሁሉ አንድ እናድርጋቸው? ለመፈለጊያው ቁልፍ፣ አዎን። ለመዝገቡ ግን አይደለም። «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ሌብነት ነው፤ ባለቤቱ ያስጻፈው ስም እንዳለ ሊቀመጥ ይገባዋል።

በዚህ ሥራ ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ። አንዱን ሰው ሁለት ማድረግ ቆጠራን ያዛባል፤ ሁለት ሰዎችን አንድ ማድረግ ግን ከሁለቱ አንዱን ከመዝገብ ይሰርዛል። የቤተሰብ ስም በሌለበት፣ ሰው በራሱና በአባቱ ስም በሚጠራበት አገር ደግሞ ሞክሼዎች ብዙ ናቸው። የአያትን ስም መጨመር ይረዳል፤ ነገር ግን ጥርጣሬውን ፈጽሞ አያስወግደውም። ስለዚህ የፌሌጊና የሰንተር ሦስተኛ ውሳኔ፣ «ሰው ይመርምረው» የሚለው፣ ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ የሚዘለል ደረጃ አይደለም። ነገ የአገር መዛግብትን የምትሠሩት እናንተ ተማሪዎች፣ ቁልፍ በመረጣችሁ ቁጥር ይህ ቁልፍ የማንን ስም ይዞ የማንን ይጥላል ብላችሁ እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ።